ጆሮ ሰባሪው

ሰሞኑን መናኸሪያው በር ላይ አንድ ባጃጅ እግሬ ሥር መጥቶ ቆመ። ልሳፈር ጎንበስ ስል ዓይኔ ጎማው ላይ አረፈ። መሀሉ ላይ ሦስት ጆሮ ያለው፣ ብርማ ቀለም የተቀባ ነገር ተለጥፎበታል። ልቤ ዘለለ። በዚህ ዕድሜዬ ልቤን የሚያዘልላት ወይ ደም ግፊት ነው ወይ ጎማ። "ይሄ ምንድነው ልጄ?" አልኩት ሾፌሩን። "ጌጥ ነው ፋዘር።" "ምን ይይዛል?" "ምንም አይዝም፤ ያምራል በቃ።" በከዘራዬ ጫፍ ነካ ባደርገው ተነቅሎ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ። ፕላስቲክ! ሾፌሩ ሲጮህብኝ ምራቄን ጢቅ አድርጌ በእግሬ ወደ ቤት አዘገምኩ። አንጀቴ ድረስ ተጸየፍኩት። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። አንተ ሰውዬ፣ አንተስ አርባ ዓመት ገደማ በዚህች ከተማ ላይ ተለጥፈህ የኖርክ ምን ይዘህ ነው? ባጃጁ ላይ ያለው እንኳ ቢያንስ ያምራል።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። እኔ ይማም በሰፈራ ከወሎ በሎሪ ጀርባ ተጭኜ አሶሳ ስደርስ ጢሜ ገና መብቀሉ ነበር። በእግሬ ያደሉን ኮንጎ ጫማ፣ በትከሻዬ አንድ ብርድ ልብስ፤ እሱም በዚህ ሙቀት ምን ያደርግልኛል? ያን ጊዜ ከተማዋ በቀርከሃ አጥር የተከበበች ሰፊ ግቢ ትመስል ነበር። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል። ማንጎ የሚገዛ ሰው ከተገኘ ጤናው ይጠረጠራል፤ ዛፉ ሥር ቆመህ ትጠብቃለህ፣ ራስህ ላይ ይወድቅልሃል። ከሰዓት በኋላ ከየሱቁ የሱዳን ሬዲዮ ዘፈን ይንቆረቆራል፤ ቃሉ ሳይገባን አንገታችንን እንወዘውዛለን። እርሻው አልሆነልኝም። የመንገድ ሥራ ጋራዥ ውስጥ ጎሚስታ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጎማ ሲተነፍስ መፍታት፣ መለጠፍ፣ መግጠም ሥራዬ ሆነ። ባለ ሰፊ እግር ሱሪዬን በግራሶ አጨማልቄ መናኸሪያው ዳር ስሄድ ሴቱ ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። የሚያዩት ሱሪውን ነው፤ እንዴት አድርጌ እንደማጥበው እያዘኑ።

አብሮኝ የሚሠራው አብዱልከሪም ነበር። የአሶሳ ልጅ ነው፣ የበርታ ሰው። አማርኛ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አነጋገሩ ላይ ግድፈት ከሰማችሁ ጥፋቱ የመምህሩ ነው። ሁለታችንም ሎሪ ብቻ ነበር የምናውቅ። የዚያን ጊዜ ሎሪ ደግሞ አንድ አመል ነበረው። የቀኝ ጎማው ብሎኖች እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞሩ ይፈታሉ፤ የግራ ጎማው ግን በተገላቢጦሽ ነው። ጎማው ሲሽከረከር ብሎኑን እንዳያላላው ተብሎ የተሠራ ነው። አዲስ ሠራተኛ የግራውን እንደ ቀኙ ሊፈታ ሲታገል እያየን እንስቅ ነበር። እኔማ ይህችን አንዲት ሕግ ይዤ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ ያህል እንጎማለል ነበር። ግራው ግልብጥ፣ ቀኙ በደንቡ። ዓለም የተፈጠረችው በዚህ ሕግ ነው ብዬ አምን ነበር።

አንድ ቀን ከማዳበሪያ ከረጢቶች መሀል፣ በሸራ ተጠቅልላ፣ በሎሪ ተጭና አንዲት ትንሽ መኪና መጣች። የመንገዱ አለቃ የኢንጂነር ግርማ ናት። ሸራው ሲገለጥ አረንጓዴ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት ሆና ተገኘች። "ጣሪያዋን መንገድ ላይ ሰርቀዋት ነው" ብሎ ያዘነ ሰው ነበር። ጎማዎቿ እንደ ብስክሌት በቀጫጭን ሽቦ የተወጠሩ ናቸው። እንደ ሎሪ ዙሪያውን የተደረደረ ብሎን የላቸውም፤ መሀላቸው ላይ ሁለት ጆሮ ያለው አንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ አለ። ጆሮውን በመዶሻ መታ መታ ስታደርገው ይፈታል፤ ወደ ሌላው ሲመታ ይጠብቃል። መዶሻዋም ከመኪናዋ ጋር የመጣች የመዳብ መዶሻ ናት። መዳብ ለስላሳ ስለሆነ የሚጎዳው እሱ ነው፣ ጆሮው አይነካም። ኢንጂነሩ እሑድ እሑድ ባለ አራት ኪሱን ሳፋሪ ለብሶ፣ ማበጠሪያውን በደረት ኪሱ ሰክቶ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ፍየል እያባረረ ይነዳታል። ከዚያ በላይ የምትሄድበት መንገድ አልነበረም። መንገድ ይሠራል ተብሎ የመጣ ሰው መሆኑን አትርሱ።

በአንድ የገበያ ቀን የፊት ቀኝ ጎማዋን እሾህ ወጋው። ኢንጂነሩ ከጋራዡ ፊት ለፊት አቁሞ፣ ያችን መዶሻ እጄ ላይ አኖረና "ፈትታችሁ ለጥፉልኝ፣ መጣሁ" ብሎ ሄደ። ገበያተኛው ተሰበሰበ። ሴቶች ሸክማቸውን በትከሻቸው ላይ በእንጨት ግራና ቀኝ እንዳንጠለጠሉ ቆሙ። ከማዶ ዘይነባ ሻይ ታፈላለች። ለዘይነባ ስል ያኔ ሎሪ በጥርሴ እጎትት ነበር። እጅጌዬን ሰበሰብኩና የላይኛውን ጆሮ ወደ ግራ፣ ወደ መኪናዋ ኋላ መምታት ጀመርኩ።

"ያ ይማም" ሲል እንደ ዓረብኛው ጠራኝ አብዱ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጭቃውን በአውራ ጣቱ እየጠረገ። "ቀስት አለ።"

"የምን ቀስት?"

"እዚህ፣ ዳዶ ላይ። ወደ አፍንጫዋ ነው የሚያሳይ።"

"አብዱ፣ ይሄ ቀኝ ጎን ነው። ቀኝ ጎን በደንቡ ነው የሚፈታ።"

"እሱ ሎሪ ነው። ይሄ ሎሪ አይደለም።"

"ጎማ ጎማ ነው! ሰው ፊት አታዋርደኝ፣ ዞር በል!"

አብዱ ልክ ነበር። የዚች መኪና ሕግ የሎሪውን ሕግ ገልብጦ ነው የተሠራው፤ ግልብጡ ቀኟ ነው። በየትኛውም ጎን ቢሆን የላይኛውን ጆሮ ወደ አፍንጫዋ ከመታኸው ይፈታል፣ ወደ ጭራዋ ከመታኸው ይጠብቃል። ቀስቱ ይኸን ነበር የሚለው። ሎሪ የማያውቅ ሕፃን ይፈታት ነበር፤ ሎሪ የሚያውቅ ጅል ግን እያጠበቃት ነው። በመታሁ ቁጥር ይብስ ስትነክስ፣ መዳቧን መዶሻ "አሻንጉሊት" ብዬ ወረወርኳትና ድንጋይ የምንፈልጥበትን ከባድ የብረት መዶሻ አነሳሁ። ገበያተኛው ምቱን እየቆጠረ ያበረታታኛል። ሠላሳ ላይ ስደርስ ጆሮው ተሰብሮ እንደ ጥይት ተፈናጠረ፤ ማዶ ሄዶ የዘይነባን የብረት የሻይ ጀበና ጎኑን አጎደጎደው። "አብዱ፣ ያዝልኝ ላቤን ልጥረግ" ብዬ መዶሻውን ሰጠሁት። ወላሂ ለላቤ ነበር። ኢንጂነሩ ሰው ገፍቶ ሲገባ ያየው ግን የተሰበረ ዳዶና መዶሻ የያዘ አብዱልከሪምን ነው።

"ማነው?"

አብዱ እኔን አየኝ። እኔ ከጋራዡ ጎን፣ ከኢንጂነሩ ግቢ አጥር በላይ የሚታየውን የማንጎ ዛፍ አየሁ። ከሦስተኛው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ግማሽ ጎኑ የቀላ አንድ ማንጎ ነበር። ዛሬም ሥዕሉን ሳልልን ብትሉኝ እስልላችኋለሁ።

"እኔ አልመታም" አለ አብዱ። "እኔ ያዘ ብቻ።"

አማርኛው ሰውን አሳቀው። ገበያተኛው ሳቀ፣ ሥራ ፈቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ያቺ ሳቅ! ቃላቱን በቃል ያስጠናሁት እኔው አልነበርኩም? ኢንጂነሩ አብዱን እዚያው ላይ አባረረው። መኪናዋንም ከውጭ አዲስ ዳዶ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካት ብሎ ወደ ግቢው አስጎትቶ ያው ማንጎ ሥር አስቀመጣት። ዳዶው ሳይመጣ ዘመኑ ተለወጠ። ሌላም ዘመን መጣ። ኢንጂነሩ እዚሁ ወልዶ፣ እዚሁ ጡረታ ወጥቶ፣ አምና ሞተ። እሷ እዚያው ናት። ለአብዱልከሪም ግን የከተማው ሰው ያን ዕለት ስም አወጣለት። ጆሮ ሰባሪው። ወደ ጾሬ መውጫ ላይ ወፍጮ መጠገን ጀመረ፤ "ወፍጮህን ለጆሮ ሰባሪው ስጠው" ይባላል። ልጆች ወለደ፤ "የጆሮ ሰባሪው ልጆች።" እኔስ? እኔ በየሻይ ቤቱ ታሪኩን ተራኪ ሆንኩ። በየዓመቱ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። "እኔ ብሆን በሁለት ምት ነበር የምፈታት" እላለሁ። ሰው ይስቃል፣ ሻይ ይጋብዙኛል። ያን ሁሉ ሻይ የጠጣሁት በሰው ስም ነው። ስኳሩ ዛሬ ነው ጉሮሮዬ ላይ የሚመርረኝ።

እና ባጃጁን በተጸየፍኩ በማግስቱ፣ የኢንጂነሩ ልጅ ሕይወት ደጄ ቆመች። ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ነው የምትሠራው፤ ያን ኪስ በኪስ የሆነ ሰደርያዋን እንደለበሰች ነበር። "አባባ ይማም፣ የአባቴ ግቢ ለመንገድ ማስፊያ ሊፈርስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሎደር ይገባል። መኪናዋን ባምባሲ አጎቴ ጋር የሚወስድልኝ ጭነት መኪና አግኝቻለሁ፤ ግን ያ የፊት ጎማ በስብሶ መሬት ገብቷል። እሱ ተፈትቶ መለዋወጫው ካልተገጠመ ተገፍታ አትወጣም። እዚያው መድቀቋ ነው።" "ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?" "ስለዚች መኪና የሚያውቅ እርስዎ ብቻ ነዎት አሉኝ።" "ማን አለሽ?" "ሁሉም።" ሁሉም ይበል እንጂ! ሲነገረው የኖረ ነው። አብዱልከሪም ጋ ስልክ ደወልኩ። ለምን እንደሆነ ሳልነግረው፣ "ከሰዓት ኢንጂነሩ ግቢ ና" አልኩት።

ግቢው ውስጥ ከእሱ ቀድሜ ገባሁ። የዚያን ሽታ ነገር አልነግራችሁም፤ ኧረ እነግራችኋለሁ፣ እኔ ብቻዬን ለምን እሠቃያለሁ? የረገፈ ማንጎ በስብሶ እንደ ጠላ ይብላላል። የሌሊት ወፍ ኩስ ወንበሮቹ ላይ እንደ ሲሚንቶ ተጋግሯል። በሾፌሩ ወንበር ሆድ ውስጥ አይጥ ወልዳ፣ አሳድጋ፣ እዚያው ሞታለች። ያ አረንጓዴ ቀለም የታመመ ሰው ምላስ መስሏል። ጎንበስ ስል ዳዶውን አየሁት፤ በአንድ ጆሮው ቀርቶ፣ የመዶሻዬን ጠባሳ ፊቱ ላይ እንደያዘ። እያንዳንዷን ምት አውቃታለሁ።

"ትከሻዬ አይችልም" አልኳት ሕይወትን። "አብዱልከሪም ይምታው።"

ፊቷ ተለወጠ። "ጆሮ ሰባሪው? አባቴ እስኪሞት ሲረግመው የኖረው ሰው? እሱ ከሚነካት ሎደሩ ይጨፍልቃት።"

"ያኔ ልጆች ነበርን እኮ…"

"እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ ሲተርኩ የሰማሁዎት? ሠርጌ ላይ እንኳ ተርከዋል!"

ዘወር ስል አብዱልከሪም በሩ ላይ ቆሟል። ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ የቀርከሃ በሩን በአንድ እጁ ይዞ። ሁሉንም ሰምቷል። "ኻላስ፣ በቃ" አለ በቀስታ። "እኔ ሄደ።" ጀርባውን ሲሰጠኝ ቀና ብዬ ማየት አማረኝ። ማንጎው አሁንም እዚያው ነው፤ ግን ፍሬ አልነበረውም፣ የምሸሸግበት አጣሁ።

"ሰባሪው እኔ ነኝ" አልኩ። "እሱ አልመታም። መዶሻውን ያዝልኝ ብዬው ነው።"

ሕይወት አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየች። "ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"መጀመሪያ ፈርቼ። ኋላ ደግሞ ጣፈጠኝ።"

ይቅር ይለኛል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሽማግሌ ሲሆኑ እንደዚያ ያለ ነገር ያምራል። አብዱ ግን ዞሮ በደንብ አየኝና "ለሷ ተናገርክ። ጥሩ ነው" አለ። "ሻይ ቤት መቼ ነው? ስሙ ያለው እዚያ ነው። ሻይ ቤት ካልተናገርክ እኔ መዶሻ አይነሳም።"

ነገሩ ገባችሁ? ሕይወት መኪናዋን የምታገኘው እኔ ሻይ ቤት ሄጄ ራሴን ካዋረድኩ ነው። በማግስቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ የዘይነባ ሻይ ቤት ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ገባሁ። ዘይነባ፣ ጀበናዋ የተጎደጎደባት ያቺው ዘይነባ፣ ዛሬ ባለቤቴ ናት። ቆሜ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። "ጆሮውን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ አብዱልከሪም አይደለም" አልኩ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ! "ዘንድሮ ደግሞ ይህችን ጨመራት!" አለ አንዱ እንባውን እየጠረገ። "ጋሽ ይማም መቼም! ለጋሽ ይማም ሻይ!" ማልኩ፣ ተገዘትኩ፤ በማልኩ ቁጥር ይብስ ሳቁ። ቀልደኛ ሆኖ መኖር ትርፉ ይኼ ነው፤ አንዲት እውነት ይዘህ ስትመጣ የሚገዛህ የለም። ሻዩን አመጡልኝ። አልነካሁትም።

ያኔ ዘይነባ ከጓዳ ወጣች። ጎኑ የገባ ጥቁር ጀበና በእጇ ይዛለች። ከዚያ የገበያ ቀን ወዲህ ውኃ ሲፈላበት አላየሁም፤ እኔ ለፍቅራችን መታሰቢያ ያስቀመጠችው ይመስለኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጋ አኖረችው። "ምን ያስቃችኋል? እኔ ከማዶ ቆሜ እያየሁ ነበር። የመታው እሱ ነው። አብዱልከሪም መዶሻ የያዘው ጆሮው ከተሰበረ በኋላ ነው።" ሳቁ ከበሩ ጀምሮ ጠፋ። "ታዲያ እስካሁን ለምን አልተናገርሽም?" አላት አንዱ። "ባሌ አፍ አለው ብዬ" አለች፤ "ስጠብቀው አረጀሁ።" ያን ቀን ጡንቻዬን ታያለች ብዬ ስመታ፣ ለካ ስታይ የነበረችው ሌላ ነገር ኖሯል። ያን አይታ ታዲያ እንዴት አገባችኝ? አልጠየቅኋትም። መልሱን መስማት አልፈልግም።

ቅዳሜ ጠዋት አብዱልከሪም መጣ። መዳቧ መዶሻ መኪናዋ ኋላ ሳጥን ውስጥ በጨርቅ እንደተጠቀለለች ተገኘች። ዳዶው ላይ ከትናንት ጀምሮ ናፍጣ ሲንጠባጠብበት አድሯል። አብዱ ቀስቱን በአውራ ጣቱ ጠረገና፣ መኪናዋ ገና መሬት ላይ እንዳለች፣ የቀረችውን ጆሮ ወደ አፍንጫዋ መታ። አንድ። ሁለት። በውጭ ሎደሩ ሞተሩን አስነስቶ ያጉረመርማል። ሕይወት ጥፍሯን ትበላለች። ሰባተኛው ላይ ዳዶው እንደሚያቃስት ሰው ጮኾ ላላ። በክሪክ አነሳናት፤ ጎማው ተመዝዞ ወጣ። ከውስጥ የወጣው ግራሶ የሞተ ነገር ይሸታል፤ ጥቁር፣ የቀጠነ፣ ትል የመሰለ ዝገት የተቀላቀለበት። "በጣትህ ጥረግ" አለኝ አብዱ። ጠረግሁ። አስመለሰኝ፤ አልቆምኩም። አዲስ ግራሶ ቀባሁ፣ መለዋወጫውን ገጠምን፣ ዳዶውን በእጁ አስገባና መዶሻዋን ለእኔ ዘረጋልኝ።

"ወዴት ነው?" አለኝ።

"ወደ ጭራዋ።"

"አንተ አወቀ" አለ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም፤ እኔም የመጠየቅ ፊት አልነበረኝም።

መኪናዋ ተገፍታ ወጣች። ከኋላዋ ሎደሩ ገብቶ ማንጎውን ነቀለው።

ትናንት ከመስጊድ ወጥተን ከአብዱልከሪም ጋር በመናኸሪያው በኩል እንሄድ ነበር። እሱ ሁለት እርምጃ ቀድሞኛል፤ አብረን ሄድን ማለት ይከብዳል። ከወደ ባጃጆቹ አንድ ሰው "ጆሮ ሰባሪው!" ብሎ ጮኸ። የአብዱን አንገት አየሁት፤ በዚህ ስም ሲጠሩት ስንት ዓመት ሲዞር የኖረ አንገት ነው። አልዞረም። እርምጃውንም አላፈጠነም። እኔ ቆምኩና ዞርኩ።

"አቤት" አልኩ።